ያልጻፍኩት ስም

ዶክቶራዋ የገበያ ዝርዝር አንብባልኝ ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ትቼው እወጣ ነበር። ዘይት፣ ጨው፣ ሁለት ኪሎ ባሚያ፣ የልጆቿ ደብተር፣ የራስ ምታት ክኒን፣ አምፖል፤ ሃያም ይሁን ሠላሳ አንድ ሳላጎድል ይዤ እመለሳለሁ። እሷ ወረቀቱን ይዛ አንድ በአንድ ስታመሳክር እኔ ወገቤን ይዤ እጠብቃታለሁ። ሁሉም ሲሞላላት ራሷን ትነቀንቃለች፤ እኔም ምንም እንዳልመሰለው ሰው ወደ ማድቤቴ እገባለሁ። ምንም አልመሰለኝም እላለሁ እንጂ ደስታው ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም ነበር።

ይህ ካርቱም ውስጥ፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ነው። ዶክቶራዋን ዶክቶራ የምላት እዚያ አገር የተማረች ሴት ሁሉ እንዲያ ስለምትጠራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጎል ታስተምር ነበር፤ ሰው እንዴት እንደሚማር፣ የተማረውን እንዴት እንደሚይዝ፣ እንዴትስ እንደሚረሳ። የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እየተፈታ የሚገጣጠም የፕላስቲክ አንጎል አስቀምጣ ነበር። ሀቡብ የሚሉት አቧራ ከተማውን ባለበሰው ቁጥር አንጎሉን ፈታትቼ እወለውልና መልሼ እገጥመዋለሁ። ተማሪዎቿ ለመግጠም ሲታገሉ በር ላይ ቆሜ አይቼ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ።

እሁድ ሲሆን ደግሞ ከምኖርበት ከካላክላ በሚኒባስ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እሄዳለሁ። የማኅበራችን ሴቶች ገና ከበሩ ሲያዩኝ "መዝገቧ መጣች" ይላሉ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ማን እንደሆነች፣ ማን መቼ ክርስትና እንዳስነሳች፣ የማን ሙት ዓመት መቼ እንደሚውል የሚጠየቀው ከእኔ ነው። አንዲቷ ደብተር ይኑረን ብላ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል" ስትል ተረተችብኝ። እኔም "የሚረሳ ይጻፍ" አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ፤ ደብተሩም በዚያው ቀረ።

ወደ አውሮፓ የሚሻገሩት ወጣቶች የክርስትና ስማቸውን እኔ ዘንድ ማስቀመጥ የጀመሩት በዚሁ ዝናዬ ነው። ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ከእኛ ሰው አንዱ ሲሞት፣ ካህኑ ፍትሐት የሚያደርሱለት እናቱ በምትጠራው ስም ሳይሆን ሲጠመቅ በተሰጠው ስም ነው። ያ ስም ደግሞ እንደ ዋዛ አይነገርም፤ መተተኛ ከሰማው ሰውየው አለቀለት ይባላል። ስለዚህ ከእናትና ከክርስትና አባት ሌላ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የለም። ካርቱም ጥቂት ወራት ሠርቶ በሊቢያ በኩል ሊሻገር የሚነሳ ወጣት በረሃ ላይ ቢቀር ስሙም አብሮት ይቀራል። ጽፎ እንዳይዘው፣ ወረቀት ፖሊስም ደላላም እጅ ይገባል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሞተ ወጣት መርዶ መጥቶ ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። ካህኑ "እግዚአብሔር ያውቀዋል" ብለው ያለ ስም ጸለዩለት። ሴቶቹ ያን ቀን ያለቀሱት ለቅሶ ለወራት አልወጣላቸውም።

ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚጀምር ሁሉ ወደ እኔ እየመጣ ስሙን በጆሮዬ ይነግረኛል። ስም ማስቀመጥ እንለው ነበር። አደራው ሁለት ነው፤ ከሞትኩ አስፈቺኝ፣ እስከዚያው ግን አትጻፊው። ለነገሩ ጽፌ ሣጥኔ ውስጥ ብቆልፈው ማን ያየኝ ነበር? ያላስጻፈኝ የመተት ፍርሃት አይደለም፤ ኩራቴ ነው።

ከእነዚህ መሐል ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አንዱ ሴራሚክ ይለጥፋል፣ አንዱ ቤት ቀለም ይቀባል። ሴራሚክ የሚለጥፈው ቀልደኛ ነው፤ "እትዬ፣ ያ ጭንቅላትሽ ሰፊ ነው አሉ፤ ለእኔም አንድ ክፍል አከራዪኝ" ይለኛል። ቀለም ቀቢው ዝምተኛ ነው። ጥፍሩ ሥር ምንጊዜም ነጭ ቀለም አይጠፋም፤ እኔን ሲያናግር ከ"እርስዎ" ወርዶ አያውቅም።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳለ ሁለቱም መጡ። ቀልደኛው ጎንበስ ብሎ ነገረኝና "እንዳትሸጪው!" ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። ቀለም ቀቢው ጓደኛው እስኪርቅ ጠበቀ።

"እናቴ ሞታለች" አለኝ። "የክርስትና አባቴም የሉም። አሁን ይህን ስም ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።"

ነገረኝ።

"ይድገሙልኝ" አለ። ደገምኩለት። "አንድ ጊዜ ደግሞ ይድገሙልኝ።" ደገምኩለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ደሜ ፈላ።

"ምነው ልጄ፣ አላመንከኝም እንዴ?"

አፈረ። መሬት መሬት እያየ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎኝ ሄደ። ያኔ የያዝኳቸው ስሞች አስራ አንድ ደርሰው ነበር። እሁድ እሁድ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ከነፊታቸው እደግማቸዋለሁ። የክርስትና ስም ይመሳሰላል፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ብሎ ይነሳና በመልአክ ወይም በጻድቅ ያርፋል። እኔ ግን ፊቱን ካየሁት ስሙ ራሱ ተከትሎ ይመጣል ባይ ነበርኩ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ከሰዓት ልብስ ስተኩስ ዶክቶራዋ ጠራችኝ።

"ያላ፣ ካውያውን ተዪውና ነይ ተቀመጪ። ነገ ለተማሪዎቼ የማሳየውን ባንቺ ልሞክረው።"

በዓረብኛ ቃላት አነበበችልኝ። አልጋ፣ ትራስ፣ ሌሊት፣ ብርድ ልብስ፣ ማዛጋት፣ ሕልም፤ አስራ ምናምን ይሆናሉ። ሻይ አጠጣችኝ፣ ስለ ልጆቿ ትንሽ አወራችኝ፣ ከዚያ የሰማሽውን ቁጠሪልኝ አለች። እኔ ምን ገዶኝ! ዘረገፍኩላት። መጨረሻ ላይ "እንቅልፍ" አልኩ።

"እንቅልፍ አላልኩም" አለች።

"ብለሻል።"

"አላልኩም።"

"ወላሂ ብለሻል፣ ያ ዶክቶራ! ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ አለ።"

ወረቀቱን ሰጠችኝ። ዓረብኛ ማንበብ ያስተማረችኝ ራሷ ናት፤ በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንቅልፍ የሚል የለም።

"አታለልሽኝ" አልኳት።

"እኔ አይደለሁም፣ አንጎልሽ ነው" አለችና ሳቀች። ከዚያ የፕላስቲኩን አንጎል ፈትታ ከመሐሉ ጥቅልል ያለች፣ ከጣት የማትበልጥ ቁራጭ አወጣች። ስንት ጊዜ ወልውያታለሁ፤ ለምን እንደተሠራች ግን ጠይቄ አላውቅም። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያልፈው በዚህች በኩል ነው አለችኝ። የሚመሳሰሉ ነገሮች ሲበዙ እዚህች ጋ ይጋፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛል። አንጎል ያየውንና የሰማውን እንዳለ አያስቀምጥም፤ ዋና ዋናውን ይዞ የጎደለውን በግምት ይሞላል፣ ግምት መሆኑን ግን ለባለቤቱ አይነግረውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እንደ እኩያዋ አድርጋ ነው፤ እኔ ግን በወረቀቱ ተናድጄ ግማሹን አልሰማኋትም።

አንዱ ግን ገብቶኛል። "ማስታወስ ከሣጥን እንደማውጣት አይደለም" አለች። "ያስቀመጥሽው ነገር ባወጣሽው ቁጥር እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። መልሰሽ ስታስቀምጪው የጣትሽን ምልክት ይዞ ይደርቃል። ተሳስተሽ ከደጋገምሽው ስሕተቱን ነው የምታጠነክሪው።"

ያን ጊዜ ስለ ስሞቹ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ምናልባት በሌላው ልበልጣት ፈልጌ ይሆናል። አስራ አንድ ሰው፣ አስራ አንድ ስም፣ አንድ ፊደል ሳልጽፍ። እንድትደነቅ ጠበቅኩ። ሳቋን አቆመችና ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ጻፊያቸው" አለች። "ዛሬውኑ።"

"ኢንሻላህ" ብያት ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። ፊደል ስለቆጠረች የእኔን ጭንቅላት ከእኔ በላይ አውቃለሁ ትላለች እያልኩ የባሏን ሸሚዝ ኮሌታ ሁለቴ ተኮስኩት። ስሞቹን አልጻፍኩም።

ሁለቱ ጓደኛሞች በዚያው ሰሞን ሄዱ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከቀለም ቀቢው ጋር አንድ መኪና ላይ የነበረ ሰው ደወለ። ልጁ በረሃው መሐል ከመኪና ወድቆ ሞቷል፤ እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀብረውታል። ቀልደኛው በሌላ መኪና ስለነበር የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰብን። ካህኑ "የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አለ?" ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተናገርኩ። አልተደናቀፍኩም፣ አላሰብኩም እንኳ፤ ፊቱን አየሁት፣ ስሙም ተከትሎ መጣ።

"እርግጠኛ ነሽ ልጄ?" አሉኝ።

"አባ! እኔን ነው የሚጠይቁኝ?"

በዚያ ስም ፍትሐት ተደረሰለት። በአርባውም ማኅበራችን በዚያው ስም ዘከረው። ሴቶቹ እያቀፉ "አንቺ ባትኖሪ እንደዚያኛው ያለ ስም ይቀር ነበር" አሉኝ። ለልጁ አልቅሻለሁ፤ እውነት ነው፣ ዓይኔ እስኪያብጥ አልቅሻለሁ። ነገር ግን ከእንባዬ ሥር ደስታ ነበረኝ። በሰው ልጅ ሞት ላይ ቆሜ በራሴ ኮራሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴን የማስገባበት አጣለሁ።

ዓመት አልፎ ዶክቶራዋ ቤት ባሚያ ስከትፍ ስልኬ ጠራ። በቪዲዮ ነው፤ ቀልደኛው ነው። ባሕሩን ተሻግሯል። ወፍሯል፣ ጺም አብቅሏል፣ ሳቁ ያው ነው። እልል አልኩ። ዶክቶራዋ ደንግጣ ከሳሎን እስክትመጣ ድረስ እልል አልኩ።

ከሳቃችን በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የእሱን ሰምቻለሁ፣ እትዬ። አስፈታሽው?"

"አስፈታሁት።"

"በስሙ?"

"በስሙ እንጂ!"

"እግዜር ይስጥሽ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ስንኖር ለእኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ነገር እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ በቃ አሁን ልቤ አረፈ።" ዓይኑን ጠረገና ወደ ቀልዱ ተመለሰ። "የእኔንስ ይዘሽዋል? ወይስ ክፍሌን ለሌላ አከራየሽው?"

"ልንገርህ?" አልኩና ነገርኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። "ይሄ ደግሞ የማነው? እትዬ አረጀሽ!" የራሱን ስም ነገረኝ።

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። የነገረኝ ስም ለጓደኛው ያስፈታሁበት ስም ነው። ካህኑ ዜማውን እያረዘሙ የጠሩት፣ ሴቶቹ ያለቀሱበት፣ በአርባው የዘከርነው ስም በስልኩ መስታወት ላይ እየሳቀብኝ ነበር።

"እትዬ? ኔትወርክ ተቋረጠ እንዴ?"

"አዎ" አልኩ። "ይቆራረጣል።"

ኔትወርኩ ደህና ነበር። "በስሙ እንጂ" ስለው ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን እያወቅኩ ምስጋናውን ወሰድኩ። ልቤ አረፈ ያለኝን ሰው ልቡ እንዳረፈ ተውኩት፤ ለእሱ አዝኜ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ነው።

መጀመሪያ ቀላል መሰለኝ። ሁለቱ ተገለባብጠው ነው፤ ለቀልደኛው ያልኩት ስም የቀለም ቀቢው ነው፣ ሄጄ አስተካክላለሁ አልኩ። እሁድ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ በአንድ ልደግማቸው ጀመርኩ። ቀለም ቀቢው ጋ ስደርስ ያ ስም መጣ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስበት ሌላ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ የአንዱ መጀመሪያ ከሌላው መጨረሻ ጋር ተገጣጥሞ መጣ። ክፋቱ ሦስቱም ሲመጡ እኩል የታመኑ ነበሩ። የኒሙ ዛፍ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ነጭ ቀለም፣ ጆሮዬ ላይ ያለው ትንፋሹ ሁሉም አለ፤ ከንፈሩ ግን እኔ ያሰብኩትን ስም ሁሉ ይለዋል።

ዶክቶራዋን ጠየቅኳት። "ከሦስቱ እውነተኛውን ከውስጤ የማውቅበት መንገድ አለ?"

"የለም" አለችኝ። "እርግጠኛነት እንደ ረሃብ ያለ ስሜት ነው፤ ትክክል በሆንሽ ጊዜም ይመጣል፣ በተሳሳትሽም ጊዜ ይመጣል።" ከዚያ ቀስ ብላ "አልጻፍሻቸውም ማለት ነው" አለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ወደ ማድቤት ገብቼ የታጠበውን ድስት መልሼ አጠብኩ።

ለአምስት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከሻ አለ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ የውጭ ዜጋ እየለቀመ ነው አልኩ፤ አልነበረም። ሴቶቹ ሲደውሉ አሞኛል አልኩ። አንድ መንገደኛ ስሙን ሊያስቀምጥ ቤቴ ድረስ ቢመጣ በሩን አልከፈትኩለትም፤ ቁጭ ብዬ ሲያንኳኳ ሰማሁት። አደራ በላ የሚባለው ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ የሰው እህል የሚክድ፣ የሰው ከብት የሚሸጥ። ከእኔ በላይ አደራ የበላ ግን ማን አለ? እናት የሌለው ልጅ ሦስት ጊዜ ይድገሙልኝ ቢለኝ በሁለት መለስኩት።

በስድስተኛው እሁድ ሄድኩ። ካህኑ ቅዳሴ ሲጨርሱ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በሕይወት ያለን ሰው እንዳስፈታሁ፣ የሞተው ያለ ፍትሐት እንዳለ፣ ለጓደኛውም እንደዋሸሁ።

"ታዲያ ትክክለኛው ስም የቱ ነው?" አሉ።

"አላውቅም።"

ያን ቃል ከአፌ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። አልተቆጡኝም። የሕያው ስም ከሙታን ጋር እንዳይነሳ እኔ አያለሁ አሉ። "ለሟቹ ልጅ ግን ያለ ስም እንጸልይለታለን። ለሴቶቹ ራስሽ ንገሪያቸው። ለጓደኛውም።"

ለጓደኛው ዛፉ ሥር ሆኜ ደወልኩለት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ይስቃል ብዬም ጠበቅኩ። በመጨረሻ "እሺ። ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። "እርስዎ" ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላም አልደወለልኝም።

ለሴቶቹ ስነግራቸው ያቺ ደብተር ይኑረን ያለችው ሴት ከቦርሳዋ አዲስ ደብተር አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ ለስንት ጊዜ ይዛው እንደዞረች አላውቅም። በሕይወት ላሉት ደውዬ የእያንዳንዳቸውን ስም ከራሳቸው አፍ እየሰማሁ ጻፍኩ። ያገኘኋቸው ስድስት ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱን ተሳስቼ ይዣቸው ነበር።

ለቀለም ቀቢው በተቀጠረው ቀን ያው ሴቶች ተሰበሰቡ። ካህኑ በግዕዝ ጀመሩ። ጸሎቱን ከልጅነቴ ስለምሰማው የሟቹ ስም የሚገባበት ቦታ ሲቃረብ አውቃለሁ፤ ደረሱና ዝም አሉ። ከውጭ ራክሻ የሚሉት የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ስም መጣልኝ። ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። ጥርት ብሎ፣ በራሱ በልጁ ድምፅ፣ "ይድገሙልኝ" ከሚለው ጋር ነው የመጣው። ካህኑ ቀና ብለው አዩኝ። ሴቶቹም አዩኝ። ከንፈሬን ነከስኩና ራሴን በእምቢታ ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ፤ ካህኑም ያለ ስም ቀጠሉ።